ሻንጣ አድራሽ

ከዜሮ በታች ነው፣ ሠላሳ አንድ ዛሬ፤
የመስታወት በረዶ በባንክ ካርድ ጭሬ፣
አሥራ አራት ሻንጣ ከኋላ ደርድሬ፣
እወጣለሁ ሌሊት ከዊኒፔግ ኤርፖርት፣
ለየባለቤቱ ዕቃውን ላደርስለት።
አውሮፕላን ሰው ጭኖ ዕቃውን ሲተወው፣
ቶሮንቶ ሜዳ ላይ በረዶ ሲያለብሰው፣
በሦስተኛው ሌሊት እኔ ነኝ የማነሣው።
ለአንዱ ዘጠኝ ዶላር፤ ቤንዚኑ ከኪሴ፤
የሻንጣው እግር ቢሰበር ተጠያቂው ራሴ።

ከቢሮ የሰጡኝ አንድ ወረቀት አለ፣
ሰበቡ በቁጥር የተደለደለ።
አሥራ አንድ አየር ነው፤ በሐምሌም ይሠራል፣
ሰማይ እንደ መስታወት ጠርቶም ይጻፋል።
ሃያ ሦስት ክብደት፤ "አውሮፕላኑ ከብዷል"።
ሠላሳ ላይ ደግሞ "መንገደኛው ዘግይቷል"፤
(ሰውየው ጎህ ሳይቀድ ሄዶ ተሰልፏል።)
አርባ ቁጥር ባዶ ነው፤ ምንም አልተጻፈ፣
እውነት ይመስለኛል እዚያ የተረፈ።

ማሪቤል በፒጃማ፣ በበረዶ ጫማ፣
በሯን በርግዳ ወጣች፣ ጎረቤት እስኪሰማ፦
"መቶ ዶላር ከፈልኩ፣ 'ሻንጣሽ ከብዷል' ብለው፤
አሁን ደግሞ ቀረ፣ አውሮፕላን ከብዶት ነው!
ያንኑ ክብደት ሸጠው፣ ያንኑ ሰበብ አርገው!
በሰዓቱ የበረረው ገንዘቤ ብቻ ነው።
ስልክ ስደውል ማሽን ነው፤ 'ጥሪዎ ክቡር' ይላል፣
አርባ ደቂቃ ዘፍኖ ጆሮዬ ላይ ይዘጋል።"
ምን ልበል? ዳውላ ነኝ። አህያውን ፈርቶ
ዳውላ የማይመታ የት ይገኛል ከቶ?
ቆይታ፣ ትንፋሿ ሲመለስ፣ ሲረጋ፣
የደረቀ ማንጎ ሰጠችኝ፣ እስኪነጋ
እያኘክሁ የምነዳው።

ኮሪደን ጎዳና ላይ አንድ ጎረምሳ ሳቀ፦
"ባንፍ ስጠብቀው ዕረፍቴ አለቀ።
ስኪዬን ለማስጫን ስልሳ ከፈልኩኝ፣
እዚያ ሌላ ስኪ በኪራይ ያዝኩኝ፣
አሁን ለማስቀመጫው ስንት ልትሉኝ?"
ምን ብዬ ልመልስ፤ ፊርማ ተቀበልኩኝ።

ጊምሊ ስደርስ ነጋ፤ ሐይቁ እንደ ሲሚንቶ፣
መንደሩ በበረዶ እስከ አንገቱ ገብቶ።
ዘጠና ኪሎ ሜትር። ዘጠኝ ዶላር።
ሽማግሌው ሲጉርድሰን ከፈተልኝ በሩን፣
በመዳፉ ዳበሰ የሻንጣውን ዚፑን።
አልጮኸም። አልከፈተም።
"ወንድሜ ሲሞት ነው ከሃሊፋክስ የመጣሁት፤
እዚህ ውስጥ ያለው ኮት የሱ ነው፣ የሠርጉ ለት፣
'በዚህ ቅበሩኝ' ብሎ አደራ ያለኝ በሕይወት።
ትናንት አፈር ገባ በጎረቤት ኮት፣
እጅጌው ባጠረ፣ አንድ አዝራር በጎደለበት።"

ደብዳቤም አሳየኝ፣ ከአየር መንገድ የመጣ፦
"ላወጡት ወጪ ሁሉ ደረሰኝ ይምጣ።"
"የተውሶ ኮት" አለኝ፣ መነጽሩን አንሥቶ፣
"ደረሰኝ የሚሰጥ ጎረቤት ከየት መጥቶ?"

"ለምን ነው የቀረው?" አለኝ በመጨረሻ።
ቁጥሩን አየሁ፤ አርባ። ባዶ። የለውም መሸሻ።
"ይቅርታ" አልኩት፣ ሳላስብ፣ በአማርኛ፤
አንገቱን ነቀነቀ፣ እንደገባው፣ እንደኛ።

ይቅር የምትል ቃል ሁለት ፊት አላት፤
ባንዱ ፊቷ ምሕረት፣ ባንዱ "እዚያው ተዉት" ናት፤
ቶሮንቶ ያለው ሰው የትኛውን እንዳላት
እኔ በምን ልወቅ።

ፈረመ። በሩን ዘጋ።
ሞተሩን አስነሣሁ፤ ማንጎው አልቋል።
ሁለት ሻንጣ ቀረኝ።